የተሰበረ ጥርስ ሁሉ ይነቀላል ወይ? (ከአዘና በመጣ አንድ ታካሚ ላይ የተመሠረተ ጽሑፍ)

መግቢያ

በእኛ አገር ጥርስ የተሰበረበት ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «የት ላስነቅለው?» ብሎ ነው። «ይድን ይሆን?» የሚል ብዙ አይገጥምም። እኔ ተወልጄ ያደግሁት አዊ ዞን፣ አዘና ነው። ወደዚህ ትምህርት ክፍል እስክገባ ድረስ ክፉኛ የተሰበረ ጥርስ ታክሞ ተመልሶ ሲቆም አይቼ አላውቅም ነበር፤ ሲነቀል ግን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ነገሩ ከሕፃንነት ይጀምራል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን «ግግ ነው» ተብሎ ገና ያልበቀለ ጥርሱ ከድዱ ውስጥ በስለት ተፈልቅቆ የሚወጣበት ልማድ በብዙ የአገራችን ክፍል እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። አብዛኛው ሰው ከጥርሱ ጋር የሚተዋወቀው በማውጣት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዚህ ጽሑፍ የአክስቴን ልጅ ታሪክ መነሻ አድርጌ ክፉኛ የተሰበረ የፊት ጥርስ ሲመጣ ምን እንደሚታይ፣ ምን እንደሚወሰንና እንዴት እንደሚታከም ለማሳየት እሞክራለሁ። በክፍል የተማርነውን ንድፈ ሐሳብ ለመድገም አይደለም። ልጁ ጥርሱን ለማጣት አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበርና፣ የት የት ላይ እንደተሳሳትን ለክፍላችን ተማሪዎች ማካፈሉ ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ ነው።

አደጋው

በአዊ ፈረስ ምን ማለት እንደሆነ አካባቢውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ነው፤ ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ወጣቱ ሁሉ ፈረሱን ሲገራና ሲጋልብ ይውላል። ወሩ ደግሞ የሠርግ ወር ነው። በ2015 ዓ.ም ጥር ወር ውስጥ የ16 ዓመቱ የአክስቴ ልጅ እየጋለበ ሳለ ፈረሱ ደንብሮ በፊቱ ጣለው። ከላይኛው የፊት ጥርሶቹ አንዱ ከግማሽ በላይ ተሰብሮ ወደቀ። የወደቀውን ስባሪ የፈለገው ሰው አልነበረም።

ከተሰበረው ጥርስ መሐል የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀይ ነጥብ ትታይ እንደነበረ በኋላ ነግሮኛል። አየር ሲነካት ያስጮኸዋል። ቤት ውስጥ አፉን በአረቄ አጉመጠመጡት፣ ነጭ ሽንኩርትም አደረጉበት። በማግስቱ በአካባቢው ወዳለ አንድ የጤና ተቋም ወሰዱት። «ነርቩ ተነክቷል፣ መንቀል ነው» ተባሉ። አክስቴ ግን አሻፈረኝ አለች። «ነገ ሚስት የሚያገባ ልጅ የፊት ጥርሱን? ይቆይልኝ፤ እግዜር ያውቃል» ብላ የሕመም ማስታገሻና አሞክሳሲሊን ተቀብላ ይዛው ተመለሰች።

ሦስት ሳምንት ያህል ከታመመ በኋላ ሕመሙ ቆመ። ቤተሰቡም «ዳነ» አለ።

ያቺ ቀይ ነጥብ

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ጥርስ ከውጭ ወደ ውስጥ ሦስት ነገር ነው፦ ኢናሜል፣ ዴንቲንና ፐልፕ። ኢናሜል ከክብደቱ 96 ከመቶ ያህሉ ማዕድን ስለሆነ ሲሰበር አያምም፤ ራሱንም አይጠግንም። ዴንቲን በጣም ረቂቅ በሆኑ ቱቦዎች የተሞላ ነው፤ በእነዚህ ቱቦዎች በኩል ነው ቀዝቃዛ ውኃ ጠጥተን የምንዘለው። ፐልፕ ደግሞ ሰው «ነርቭ» የሚለው ሲሆን ከነርቩ ሌላ የደም ሥርም ሕዋሳትም ያሉበት ሕያው አካል ነው። ቀይ ነጥብ ታየች ማለት ፐልፑ ለአፍ ተጋለጠ ማለት ነው።

«ነርቩ ተነክቷል፣ መንቀል ነው» የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ነገር ግን አንዱ ከሌላው አይከተልም። ስዊድን ውስጥ ይሠራ የነበረው ሚዮሚር ስቬክ በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ልክ እንደዚህ ፐልፓቸው የተጋለጠ 60 የፊት ጥርሶችን አክሟል። የተጋለጠውን ፐልፕ ሙሉ በሙሉ አላወጣም። ከላዩ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ በውኃ እየቀዘቀዘ በሚሽከረከር የአልማዝ መሰርሰሪያ ቆርጦ፣ ደሙ ሲቆም ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ አድርጎ ደፈነው። ከ60ዎቹ 58ቱ ዳኑ፤ 96 ከመቶ ማለት ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላው ነገር ነው። ከአደጋው እስከ ሕክምናው ያለፈው ጊዜ በአንዳንዶቹ አንድ ሰዓት ሲሆን በአንዳንዶቹ እስከ 90 ቀን ነበር። የአክስቴ ልጅ ሐኪም ዘንድ የቀረበው በማግስቱ ነው! ዛሬ በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ፈንታ ኤምቲኤ የሚባለው ሲሚንቶ መሰል መድኃኒትም በብዛት ይሠራበታል፤ ግራጫው ዓይነት የፊት ጥርስን ያጠቁራልና ለፊት ጥርስ ሲሆን ጥንቃቄ ያሻል።

ያ ሳይደረግ ቀረ። ሕመሙ የቆመውም ፐልፑ ስለ ሞተ ነው። የሞተ ፐልፕ ውስጥ ደም አይዘዋወርም፤ ደም ካልደረሰ አሞክሳሲሊንም አይደርስም። ለዚህ ነው ጥርሱ ሳይነካ ኪኒን ብቻ እየተሰጠ የሚላክ ታካሚ ደግሞ ደጋግሞ የሚመጣው።

በፋሲካ ያየሁት

ለ2015 ዓ.ም ፋሲካ አዘና ስገባ ልጁ ፈገግ ሲል በእጁ አፉን ይሸፍናል። ጉንጩን ገልጬ ሳየው የቀረው ጥርስ ግራጫ መልክ ይዟል፤ ከበላዩ ድዱ ላይ ደግሞ የብጉር ጫፍ የመሰለች የመግል መውጫ አለች። አክስቴን ጠየቅኋት። «ጥርሱማ አላመመውም፣ ድዱ ነው የሚያብጠው» አለችኝ። መጽሐፋችን «ሕመሙ ሹል ነው ወይስ ድብን ያለ? በቀዝቃዛ ይነሳል ወይስ በትኩስ?» ብለን እንድንጠይቅ ያስተምረናል። እስቲ ይህንን ለአያቴ በአገውኛ ጠይቁልኝ! እኔ ራሴ ቋንቋውን ተናግሬ ያደግሁ ሆኜ እንኳ ቃሉ አልመጣልኝም፤ በመጨረሻ «የምንጭ ውኃ ስትጠጣ ነው ወይስ ትኩስ ቡና?» ብዬ ነው የተግባባነው። ልጁ «አሁን ምንም አይሰማኝም» አለ። ምንም አለመሰማቱ ራሱ ምልክት ነው።

አጎቴ አንድ ወይፈን ሸጦ ገንዘብ ያዘና ከእንጅባራ በዳንግላ፣ በዱርቤቴና በመራዊ አድርገን ባሕር ዳር ወደ አንድ የጥርስ ሐኪም ሄድን። ግንቦት መጀመሪያ ነው።

ምን ቀረ?

ሐኪሙ ስለተሰበረው ክፍል ብዙም አልጠየቀም። ጊዜውን ሁሉ የፈጀው የቀረውን በመመርመር ነበር። ቀዝቃዛ ነገር ነካበት፤ ልጁ አልተሰማውም። በመስታወቱ እጀታ ቀስ ብሎ መታው፤ ትንሽ አመመው። በድዱ ዙሪያ መለኪያ እያስገባ ጥልቀቱን ለካ። ይህ ቀላል ይመስላል እንጂ ወሳኙ ነገር እዚህ ነው። መለኪያው ዙሪያውን ሁሉ ጥልቅ ሳይል ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ብቻ በጠባቡ ዘልቆ ከገባ ሥሩ በቁመቱ ተሰንጥቋል ብለን እንጠረጥራለን፤ ያ ከሆነ ሌላው ሁሉ ድካም ነው። ከዚያ ራጅ ተነሳ፣ ከሁለት አቅጣጫ። አንድ ራጅ ብቻ ከሆነ አግድም የተሰበረ ሥር ሊደበቅ ይችላል። ሥሩ ደህና ነበር። ጫፉ ላይ ግን የአተር ፍሬ የምታህል ጥቁር ጥላ ነበረች፤ አጥንቱ ተበልቷል።

የቀረው ጥርስ ከከንፈር በኩል ከድዱ በላይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከላንቃ በኩል ግን ስብራቱ ተዳፋት ሆኖ ወርዶ ከድዱ እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከፊት ተመትተው የሚሰበሩ ጥርሶች አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚሰበሩት።

እዚህ ላይ ፌሩል የሚባለውን ነገር ማንሳት የግድ ነው። ክፍል ውስጥ ስንማረው ለብዙዎቻችን አልገባንም ነበር፤ እኔ የገባኝ የአባቴን እርሻ ሳስብ ነው። ድግሩን ከሞፈሩ ጋር ጠፍሮ የሚይዘው ወገል የሚባል የብረት ቀለበት አለ። ወገሉ እንጨቱን ዙሪያውን ካልጨበጠ ማረሻው ድንጋይ ሲነካ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ክራውንም (ቆብ እንበለው) እንደዚያው ነው። ከታች 1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጤነኛ የራሱን የጥርስ አካል ዙሪያውን መጨበጥ አለበት። ካልጨበጠ የንክሻው ኃይል በሙሉ በፖስቱ በኩል ወደ ሥሩ ይወርድና ወይ ፖስቱ ይነቀላል፣ ወይ ይባስ ብሎ ሥሩ ይሰነጠቃል።

ስለ ፖስት አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ አለ፤ በክፍላችንም ሰምቼዋለሁ። «ፖስት ጥርሱን ያጠነክረዋል» ይባላል። አያጠነክረውም። ፖስት በሥሩ ውስጥ የሚተከል ችካል ሲሆን ሥራው ከላይ የሚገነባውን ሙሌት መያዝ ብቻ ነው። ቦታ ለማበጀት ሲባል ሥሩ በተሰረሰረ ቁጥር ደግሞ ጥርሱ ይዳከማል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር በ1728 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በሥር ውስጥ ስለሚተከሉ የብረት ችካሎች ጽፏል። እንግዲህ በቂ የጥርስ አካል ካለ ያለ ፖስት መሥራት ይሻላል። የእኛ ልጅ ጥርስ ግን ከግማሽ በላይ የሄደ በመሆኑ አማራጭ አልነበረም።

ሕክምናው

በመጀመሪያው ቀን ማደንዘዣ ተወግቶ፣ ጥርሱ በላስቲክ መጋረጃ ከምራቅ ተለይቶ፣ የፐልፑ ክፍል ተከፈተ። መጋረጃው ትርፍ ነገር የሚመስለው ካለ ልብ ይበል፤ አንዲት ቀጭን ፋይል ከእጅ አምልጣ ጉሮሮ ብትገባ ማን ይጠየቃል? የሥሩ ርዝመት ከስብራቱ ጠርዝ ጀምሮ በራጅ ሲለካ 15 ሚሊ ሜትር ሆነ። ሥራው የሚቆመው ከሥሩ ጫፍ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ሲቀር ነው። ፋይል በፋይል እየሰፋ፣ በየመሐሉ በሶዲየም ሃይፖክሎራይት ታጠበ። ይህ ኬሚካል ከቤታችን በረኪና ጋር አንድ ነው ሲባል አጎቴ «በረኪና አፉ ውስጥ?» ብሎ ከወንበሩ ሊነሳ ምንም አልቀረው። ለነገሩ ስጋቱ መሠረት አለው። ፈሳሹ በኃይል ተገፍቶ ከሥሩ ጫፍ ካለፈ ፊትን ያሳብጣል፣ ሥጋም ያቃጥላል። ስለዚህ መርፌው ሥሩ ውስጥ ሳይጣበቅ ቀስ ተብሎ ነው የሚረጨው። መጨረሻ ላይ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ተደርጎ በጊዜያዊ መድፈኛ ተዘጋ።

በአሥረኛው ቀን ስንመለስ የመግሉ መውጫ ከስማለች። ሥሩ ደርቆ በጉታ ፐርቻ ተሞላ። በዚያው ቀን ከላንቃ በኩል ያለው ድድ ጥቂት ተቆርጦ ዝቅ ተደረገ። ይህ የሆነው ቅድም ያልኩት ወገል የሚጨብጠው ነገር በላንቃ በኩል ስላልነበረው ነው። ድድ ሲቆረጥ ግን ወሰን አለው። በጥርሱ ጠርዝና በአጥንቱ መካከል ወደ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ካልቀረ ድዱ ሁልጊዜ ሲቆጣና ሲደማ ይኖራል። ቦታው የሚበቃ ባይሆን ኖሮ ሥሩን በሽቦ ቀስ በቀስ ወደ ታች መሳብም ይቻላል፤ ወራት ስለሚፈጅ ግን ከአዘና ለሚመላለስ ሰው አይታሰብም። ከከንፈር በኩል ያለው ድድ አልተነካም፤ እዚያ ቢቆረጥ ጥርሱ ረዝሞ መልኩ ይበላሽ ነበር።

በሦስተኛው ጉዞ ከጉታ ፐርቻው ላይ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ወጥቶ የፋይበር ፖስት ገባ። ከሥሩ ጫፍ በኩል 5 ሚሊ ሜትር ቀርቷል፤ ከ4 በታች ከወረደ ጀርም መግቢያ ያገኛል። ከላይ በኮምፖዚት ተገነባ። ኮምፖዚት ከጥርስ ጋር እንዲጣበቅ ያስቻለው በፎስፈሪክ አሲድ ማሸከር ነው፤ አሜሪካዊው ማይክል ቡኦኖኮሬ በ1955 እ.ኤ.አ. ያገኘው ዘዴ ነው። ከእሱ በፊት ሙሌት እንዲይዝ ሲባል ጤነኛው ጥርስ ጭምር እየተቆፈረ ይጣል ነበር። ጥርሱ ለክራውን ተሞርዶ ልኬቱ ተወሰደና ወደ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ተላከ። በሁለት ሳምንቱ መጣና ተገጠመ። አራት ጉዞ ማለት ነው። መስታወት ሲሰጠው ልጁ ምንም አልተናገረም፤ ዝም ብሎ ረጅም ጊዜ ተመለከተ። አጎቴ ግን «ወይፈኑ ይኸው አፉ ውስጥ ገባ» ብሎ አሳቀን።

መንቀል ትክክል ሲሆን

ሁሉም ይድናል ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ይችው አክስቴ ከዓመታት በፊት የባቄላ ቆሎ ስትቆረጥም ጠጠር ገጥሟት የታችኛው መንጋጋ ጥርሷ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ያኔ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ሲነቃነቅ ዓይቻለሁ። ስንጥቁ በሁለቱ ሥሮች መካከል አልፎ ወርዶ ስለነበረ የነቀላት ባለሙያ ትክክል ሠርቷል። ያ መንጋጋ ቀደም ብሎ ሥሩ ታክሞ ክራውን ሳይገጠምለት የቆየ ነበር፤ ለእኛ ትምህርት የሚሆነውም እሱ ነው። አኩሊኖና ካፕላን በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሥራቸው ታክሞ ክራውን ያልተደረገላቸው ጥርሶች ከተደረገላቸው ይልቅ 6 ጊዜ በበለጠ ፍጥነት ጠፍተዋል። «ሕመሙ ጠፍቷል፣ ክራውኑ ለሌላ ጊዜ» የሚል ታካሚ ሲመጣ ይህን ቁጥር ብንነግረው መልካም ነው።

ጤና ጣቢያ ለምንመደብ

ብዙዎቻችን ስንመረቅ የምንሄደው ክራውን ወደሚሠራበት ሳይሆን ራጅ እንኳ ወደሌለበት ነው። እዚያ ሆነን ልንሠራ የምንችለው ግን ጥቂት አይደለም። ስባሪው ከተገኘ ወተት ወይም ውኃ ውስጥ ይቀመጥ፤ ብዙ ጊዜ በኮምፖዚት ተመልሶ ይጣበቃል። ከንፈሩ ከተቀደደ ስባሪው እዚያ ውስጥ ተቀብሮ እንደሆነ በጣት ዳብሱ። የቴታነስ ክትባቱን ጠይቁ፣ በፈረስ በረት ዙሪያ የወደቀ ሰው ከሆነ ደግሞ በተለይ። የተጋለጠውን ቦታ በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ፣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ካለ እሱን አድርጋችሁ፣ በግላስ አዮኖመር ሸፍናችሁ ከማመልከቻ ጋር ወደሚቀጥለው ላኩ። አስፕሪን ድድ ላይ የሚያደርግ ካለ አስጥሉት፤ ሥጋውን ያቃጥለዋል።

ጥርሱ ሳይሰበር ከነሥሩ ወጥቶ ከወደቀ ጉዳዩ የደቂቃ ነው። ቋሚ ጥርስ ከሆነ ሥሩን ሳይነኩ ጫፉን ይዞ፣ ቆሻሻውን በቀስታ አለቅልቆ ወዲያው ቦታው መመለስ፤ ካልተቻለ ጥሬ ወተት ውስጥ አድርጎ መሮጥ ነው። ደርቆ ከ60 ደቂቃ በላይ ከቆየ በሥሩ ላይ ያሉት ሕዋሳት ይሞታሉ። የወተት ጥርስ ግን ተመልሶ አይተከልም።

ከሁሉ በላይ ግን የጉዞውን ነገር እናስብ። የአክስቴ ልጅ አራት ጊዜ የተመላለሰው አጎቴ የሚሸጠው ወይፈን ስለነበረው ነው። ወይፈን የሌለው ሰው ከሁለተኛው ጉዞ በኋላ በጊዜያዊ መድፈኛ ይቀራል፤ መድፈኛው በወራት ውስጥ ይረግፋል፤ ሥሩም እንደገና ይመረዛል። ለዚህ ዓይነቱ ታካሚ ሥሩን በአንድ ቀን አክሞ፣ በዚያው ቀን ኮምፖዚት ገንብቶ መላኩ ከመጽሐፉ ፍጹም አካሄድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። መምህሮቼ ሊከራከሩኝ ይችላሉ።

የዓመቱን ክትትል ራጅ በጊዜው ማስነሳት አልቻልንም፤ በ2016 ዓ.ም በክልላችን በነበረው ሁኔታ መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ ከረመ። የተነሳው በ2017 ዓ.ም ነው። በሥሩ ጫፍ የነበረችው ጥላ ጠፍታ አጥንት ሞልቶበታል። ከክራውኑ ጠርዝ በላይ ግራጫ መስመር በድዱ በኩል ትንሽ ትታያለች፤ ልጁ ግን ከእኔ በቀር ያየብኝ የለም ይላል።